በፕላስቲክ ቤት ውስጥ ሙቀትንና እርጥበትን መቆጣጠር፦ በምዕራብ ጎጃም ችግኝ ለሚያፈሉና አትክልት ለሚያመርቱ የተዘጋጀ መረጃ

ይህ ገጽ በምዕራብ ጎጃም ዞን፣ በተለይም በደምበጫ፣ በፍኖተ ሰላም፣ በቡሬና በአካባቢያቸው በሚገኙ ቀበሌዎች፣ በተለምዶ ግሪን ሃውስ በሚባለው የፕላስቲክ ቤት ውስጥ የበርበሬና የቲማቲም ችግኝ ለሚያፈሉ ወይም አትክልት እስከ ምርት ለሚያደርሱ አርሶ አደሮች፣ የወጣቶች ማኅበራትና የከተማ ነዋሪዎች መሠረታዊ መረጃ ይሰጣል። በመኖሪያ ክፍል ውስጥ በመብራት በሚሠራ የማሳደጊያ ድንኳን ለሚጠቀሙም የተለየ ክፍል ተካቷል።

ጉዳዩ ትኩረት የሚሻበት ምክንያት ግልጽ ነው። በዝናብ ለሚለማ በርበሬ ዘር መደብ ላይ የሚዘራው በአብዛኛው ከሚያዝያ መጨረሻ እስከ ግንቦት ሲሆን፣ ችግኙ ወደ ማሳ የሚዛወረው ክረምቱ ሲገባ ነው። ዘሩ ከተዘራ እስከ ዝውውር 50 ቀን ገደማ ይወስዳል። በዚህ ጊዜ ውስጥ ችግኙ በአንድ ቀትር ሙቀት ቢቃጠል ወይም በጥቂት እርጥብ ሌሊቶች ቢበሰብስ፣ እንደገና የሚዘራው ዘር ለዝውውር የሚደርሰው የተከላው ጊዜ ካለፈ በኋላ ነው። በመሆኑም በመደቡ ላይ የሚደርሰው ጉዳት የዓመቱን የበርበሬ ገቢ ሊያሳጣ ይችላል።

ዋና ዋና ነጥቦች

• ሙቀትና እርጥበት ለየብቻ የሚታዩ ጉዳዮች አይደሉም። አየሩ ሲሞቅ አንጻራዊ እርጥበቱ ይቀንሳል፤ ሲቀዘቅዝ ይጨምራል።
• የቀትሩ ሙቀት በዓይን ይታያል፣ በቆዳም ይታወቃል። ብዙ ጊዜ ሳይታወቅ ጉዳት የሚያደርሰው ግን ከሌሊቱ 8 ሰዓት እስከ ጠዋቱ 3 ሰዓት ባለው ጊዜ በቅጠል ላይ የሚቀመጠው ውሃ ነው።
• የአሠራሩ ሁሉ ዓላማ ቅጠሉ እርጥብ ሆኖ የሚቆይበትን ሰዓት ማሳጠር ነው።
• ውሃ በጠዋት ይጠጣል፤ በምሽት አይጠጣም።
• የአየር ማናፈሻው የሚከፈተው ቤቱ ከሞቀ በኋላ ሳይሆን ከመሞቁ በፊት ነው።

1. የአካባቢው የአየር ጠባይ

ደምበጫ፣ ፍኖተ ሰላምና ቡሬ ከባሕር ወለል በላይ 2,000 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ የሚገኙ ከተሞች ናቸው። በዚህ ከፍታ የቀኑ ፀሐይ ብርቱ ነው። በበጋ ደግሞ ሰማዩ ጥርት ስለሚል መሬቱ ቀን ያገኘውን ሙቀት ሌሊት በፍጥነት ያጣል። ስለዚህ ከኅዳር እስከ ጥር ባሉት ወራት በቀትርና በንጋት መካከል ያለው የሙቀት ልዩነት ሰፊ ነው።

አካባቢው ከምድር ወገብ በስተሰሜን 10 ዲግሪ ተኩል ገደማ ላይ ስለሚገኝ፣ ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ ማለትም በሚያዝያ 10 እና በነሐሴ 19 አካባቢ፣ በቀትር ልክ ከአናት በላይ ትሆናለች። በነሐሴ ደመናው ጨረሩን ያለዝበዋል። በሚያዝያ ግን ሰማዩ ብዙ ጊዜ ክፍት ስለሆነ የፕላስቲክ ቤት ከሁሉ ወራት ይበልጥ የሚሞቀው የበርበሬ ዘር መደብ ላይ በሚወርድበት በዚሁ ወቅት ነው።

ከሰኔ እስከ መስከረም ባለው ክረምት ችግሩ ይለወጣል። ዝናቡ ይበረታል፣ ፀሐይ ለረጅም ሰዓት ትሸፈናለች፣ የውጩም አየር እርጥብ ስለሆነ ማናፈሻ መክፈት ብቻውን ቤቱን አያደርቅም።

ብዙዎች የፕላስቲክ ቤት ሌሊት እንደ ብርድ ልብስ ያሞቃል ብለው ያስባሉ። ተራ የፖሊኢትሊን ፕላስቲክ ግን መሬትና ተክል ሌሊት የሚለቁትን ሙቀት አብዛኛውን ያሳልፋል። በዚህ ምክንያት ጥርት ባለና ነፋስ በሌለበት ሌሊት የቤቱ ውስጥ ሙቀት ከውጩ ጋር እኩል ሊሆን፣ አንዳንዴም ዝቅ ሊል ይችላል። ፕላስቲኩ የሚያግደው ነፋስን እንጂ ቅዝቃዜን አይደለም።

2. ሙቀትና እርጥበት እንዴት ይገናኛሉ?

አየር በተን መልክ ውሃ ይይዛል። ሊይዝ የሚችለው መጠን በሙቀቱ ይወሰናል። አንድ ሜትር ኪዩብ አየር ሊይዝ የሚችለው ከፍተኛ የውሃ መጠን እንደሚከተለው ነው፦

• በ10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፦ 9.4 ግራም
• በ15 ዲግሪ፦ 12.8 ግራም
• በ20 ዲግሪ፦ 17.3 ግራም
• በ25 ዲግሪ፦ 23 ግራም
• በ30 ዲግሪ፦ 30.4 ግራም

አንጻራዊ እርጥበት ማለት አየሩ አሁን የያዘው ውሃ በዚያ ሙቀት ሊይዝ ከሚችለው ጋር ሲነጻጸር የሚሰጠው መቶኛ ነው። ለምሳሌ ርዝመቱ 6 ሜትር፣ ስፋቱ 3 ሜትር፣ አማካይ ከፍታው 2 ሜትር የሆነ ቤት 36 ሜትር ኪዩብ አየር ይይዛል። ከሰዓት በኋላ ሙቀቱ 30 ዲግሪ፣ እርጥበቱ 50 በመቶ ቢሆን፣ በእያንዳንዱ ሜትር ኪዩብ ውስጥ 15.2 ግራም ውሃ አለ። በዚህ ሰዓት አየሩ ደረቅ ይመስላል። ቤቱ እንደተዘጋ አድሮ ሙቀቱ ወደ 10 ዲግሪ ቢወርድ አየሩ መያዝ የሚችለው 9.4 ግራም ብቻ ነው። ቀሪው 5.8 ግራም ጤዛ ሆኖ በፕላስቲኩና በቅጠሉ ላይ ይቀመጣል። በ36 ሜትር ኪዩብ ሲሰላ ከ200 ግራም በላይ ውሃ ይሆናል። ከእርጥብ መደብ ሌሊቱን ሙሉ የሚተነው ውሃ ሲጨመርበት መጠኑ ከዚህም ይበልጣል።

ከዚህ የምንረዳው፣ ከሰዓት በኋላ በመሣሪያ የሚነበብ 50 በመቶ እርጥበት ለሌሊቱ ዋስትና እንደማይሆን ነው። ለተክሉ ከመቶኛው ይልቅ የሚጠቅመው መረጃ አየሩ ገና ምን ያህል ውሃ መቀበል እንደሚችል ነው። በ25 ዲግሪና በ65 በመቶ እርጥበት አየሩ በሜትር ኪዩብ 8 ግራም ገደማ መቀበል ይችላል፤ ተክሉ በቅጠሉ በኩል ውሃ እያተነነ ከሥሩ አዲስ ውሃና ንጥረ ነገር ይስባል። በ30 ዲግሪና በ40 በመቶ ጉድለቱ ወደ 18 ግራም ይደርሳል፤ ሥሩ የሚያቀርበው ውሃ ከሚተነው ስለሚያንስ ቅጠሉ ይጠወልጋል። በ15 ዲግሪና በ95 በመቶ ደግሞ ከ1 ግራም በታች ነው፤ ተክሉ ማተነን ያቆማል፣ ቅጠሉም አይደርቅም። ለአብዛኞቹ አትክልቶች የቀኑ ጉድለት ከ4 እስከ 8 ግራም ቢሆን ተስማሚ ነው።

3. ለበርበሬና ለቲማቲም ተስማሚ የሆነ መጠን

• ዘር እስኪበቅል፦ የአፈሩ ሙቀት ከ25 እስከ 30 ዲግሪ ቢሆን ይመረጣል። ከ15 ዲግሪ በታች የበርበሬ ዘር አበቃቀል እጅግ ይዘገያል፤ ዘሩም አፈር ውስጥ ሊበሰብስ ይችላል።
• ከበቀለ በኋላ፦ ቀን ከ20 እስከ 28 ዲግሪ፣ ሌሊት ከ15 እስከ 20 ዲግሪ።
• አበባ በሚይዝበት ጊዜ፦ ቀን ከ32 ዲግሪ በላይ ሲቆይ አበባ ይረግፋል፣ የአበባ ዱቄትም ይዳከማል። ሌሊቱ ከ13 ዲግሪ በታች ሲወርድም የፍሬ መያዝ ይቀንሳል።
• አንጻራዊ እርጥበት፦ ከ60 እስከ 75 በመቶ። ከ85 በመቶ በላይ ለብዙ ሰዓት መቆየት የለበትም።

በአካባቢያችን የሌሊቱን ሙቀት ያለ ማሞቂያ በተጠቀሰው ደረጃ ማቆየት ሁልጊዜ አይቻልም። ይህ ማለት ግን ተክሉ ይጠፋል ማለት አይደለም። ቀዝቃዛ ሌሊት ዕድገትን ያዘገያል፤ ተክሉን በበሽታ የሚያጠፋው ቅዝቃዜና እርጥብ ቅጠል አንድ ላይ ሲሆኑ ነው።

4. የፕላስቲክ ቤቱ አሠራር

ሙቀትን መቆጣጠር የሚጀምረው ቤቱ ከመቆሙ በፊት ነው። በአካባቢው የባሕር ዛፍ ቋሚና የቀርቀሃ ማገር በቀላሉ ስለሚገኝ ማዕቀፉን በዚሁ መሥራት ይቻላል። የሚከተሉት ነጥቦች ግን ሊታለፉ አይገባም።

ቦታ፦ ውሃ የማይቋጥር፣ ከዛፍና ከግድግዳ ጥላ የራቀ፣ ነፋስ የሚያገኘው ቦታ ይመረጣል። የክረምት ጎርፍ እንዳይገባ ዙሪያውን ቦይ መቆፈር ያስፈልጋል።

ከፍታ፦ ዝቅተኛ ቤት ቶሎ ይሞቃል፣ ቶሎም ይቀዘቅዛል። የመካከሉ ከፍታ ከ2 ሜትር ተኩል ባያንስ ይመረጣል።

የአየር ማናፈሻ፦ ጠቅላላ ስፋቱ ከወለሉ ስፋት ቢያንስ አንድ አምስተኛ መሆን አለበት። ወለሉ 18 ሜትር ካሬ ከሆነ 3.6 ሜትር ካሬ ማለት ነው። በሁለቱ ረጃጅም ጎኖች 50 ሳንቲ ሜትር የሚጠቀለል ፕላስቲክ ቢሠራ 6 ሜትር ካሬ ይገኛል። ሞቃት አየር ወደ ላይ ስለሚወጣ ከጣሪያው ጫፍ ወይም ከሁለቱ ግንባሮች አናት ላይ መውጫ መተው አስፈላጊ ነው። ከታች ብቻ የተከፈተ ቤት ነፋስ በሌለበት ቀን ሙቀቱን አያወጣም።

መረብ፦ ነጭ ዝንብንና ቱታ አብሶሉታ የተባለውን የቲማቲም ተባይ ለመከላከል በማናፈሻው ላይ ፀረ ነፍሳት መረብ ይደረጋል። መረብ የአየሩን ፍሰት ስለሚቀንስ፣ መረብ የሚደረግበት ማናፈሻ ከላይ ከተጠቀሰው መጠን ሰፋ ማለት አለበት። መረቡ በአቧራ ሲደፈንም መታጠብ ይኖርበታል።

ጥላ፦ ከመጋቢት እስከ ግንቦት ከ30 እስከ 50 በመቶ ብርሃን የሚከለክል የጥላ መረብ መጠቀም ይመከራል። መረቡ ከፕላስቲኩ ውጭ፣ ከጣሪያው ጥቂት ከፍ ብሎ ቢወጠር ይበልጥ ያቀዘቅዛል። መረብ ከሌለ በውሃ የቀጠነ ኖራ በፕላስቲኩ ላይ መቀባት ወይም ሣር በስሱ የለበሰ ዳስ መሥራት ይቻላል። ክረምቱ ሲገባ ጥላው መነሳት አለበት። በደመና ወራት ጥላ ያልተነሳለት ችግኝ ቀጥኖ ይረዝማል፣ ለበሽታም ይጋለጣል።

5. የዕለቱ የሥራ ቅደም ተከተል

ከንጋቱ 12 ሰዓት ተኩል እስከ 1 ሰዓት፦ የላይኛው መውጫና የጎኑ ፕላስቲክ በስንዝር ያህል ይከፈታል። በዚህ ሰዓት ውጩ ቀዝቃዛ ስለሆነ መክፈት ተገቢ የማይመስላቸው አሉ። ሆኖም ፀሐይ ቤቱን በድንገት ስታሞቀው ከመደቡ የሚነሣው ተን ገና ቀዝቃዛ በሆነው ፍሬና ግንድ ላይ ተመልሶ ጤዛ ይሆናል። አስቀድሞ የተከፈተ ማናፈሻ ይህን ተን ያስወጣል።

ከጠዋቱ 2 እስከ 4 ሰዓት፦ ውሃ ይጠጣል። ማናፈሻው ደረጃ በደረጃ ይሰፋል። በ3 ሰዓት ቅጠሉ መድረቁ በእጅ ይረጋገጣል።

ከ4 እስከ 9 ሰዓት፦ ማናፈሻው ሙሉ በሙሉ ይከፈታል። ሙቀቱ ከ32 ዲግሪ ካለፈ ጥላ ይጨመራል። የቀትር መጠውለግ ሁሉ የውሃ እጥረት አይደለም። አፈሩ በጣት ሲነካ እርጥብ ከሆነ የሚያስፈልገው አየርና ጥላ እንጂ ተጨማሪ ውሃ አይደለም።

ከ10 እስከ 11 ሰዓት፦ እርጥቡ አየር በውጩ አየር እንዲተካ ቤቱ ጥቂት ጊዜ በሰፊው ይናፈሳል። ከዚያም በቀዝቃዛ ወራት መሬቱ የያዘው ሙቀት እንዳይባክን ጎኖቹ ፀሐይ ከመጥለቋ በፊት ይዘጋሉ። የላይኛው መውጫ ግን በጠባቡ ክፍት ሆኖ ያድራል።

6. ውሃ አሰጣጥና የችግኝ አያያዝ

ለተክል ከሚሰጠው ውሃ ውስጥ በተክሉ አካል የሚቀረው እጅግ ጥቂት ነው። ቀሪው ከቅጠልና ከአፈር ተኖ ወደ ቤቱ አየር ይገባል። ስለዚህ ከሚያስፈልገው በላይ የተጠጣ እያንዳንዱ ሊትር ኋላ በማናፈሻ መውጣት ያለበት ተን ነው።

• ውሃው ከሥር እንጂ ከቅጠል ላይ ባይፈስ ይመረጣል። የጠብታ መስኖ ባለበት እርሱን መጠቀም፣ በሌለበት በመስመሮቹ መካከል በቀስታ ማጠጣት ይገባል።
• ገና ያልበቀለ ዘር በጉዝጓዝ ይሸፈናል። ዘሩ መብቀል ሲጀምር ጉዝጓዙ ወዲያው ይነሳል።
• በመስመሮች መካከል ከ10 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር ርቀት ይተዋል። ተጨናንቆ የበቀለ ችግኝ መሳሳት አለበት፤ በተጨናነቀ ችግኝ መካከል አየር አይዘዋወርም።
• የታመመ ቅጠልና የወደቀ ፍሬ ከቤቱ ወጥቶ ይቀበራል።
• ከዝውውር በፊት ከ7 እስከ 10 ቀን ውሃውን በመቀነስና ሽፋኑን በማንሳት ችግኙን ከውጩ አየር ጋር ማለማመድ ያስፈልጋል።

7. እንደ ወቅቱ የሚወሰድ ጥንቃቄ

ከመስከረም እስከ ኅዳር፦ ለመስኖ የሚሆን ችግኝ የሚፈላበት ጊዜ ነው። አፈሩ የክረምቱን እርጥበት እንደያዘ ሌሊቱ መቀዝቀዝ ይጀምራል። ጤዛ የሚበዛበት ወቅት ስለሆነ የጠዋቱ ማናፈስ ሊዘለል አይገባም።

ከታኅሣሥ እስከ የካቲት፦ አየሩ ደረቅ፣ ሌሊቱ ቀዝቃዛ ነው። ውሃ የተሞሉ ጥቁር በርሜሎች ወይም ጀሪካኖች በቤቱ ውስጥ ቢቀመጡ ቀን የያዙትን ሙቀት ሌሊት ይለቃሉ። በመደቡ ላይ በቀስት ቅርጽ ሁለተኛ ስስ ሽፋን ማድረግም ይጠቅማል፤ ጠዋት ግን መነሳት አለበት።

ከመጋቢት እስከ ግንቦት፦ ዋናው ሥጋት የቀትር ሙቀት ነው። ጥላ፣ ሙሉ ማናፈሻና የጠዋት ውሃ ያስፈልጋሉ። አየሩ እጅግ ሲደርቅ መተላለፊያውን ውሃ መርጨት ያቀዘቅዛል፤ ይህ የሚሠራው ግን ማናፈሻው ክፍት ሲሆንና ከቀኑ 8 ሰዓት በፊት ብቻ ነው።

ከሰኔ እስከ ነሐሴ፦ ዋናው ሥጋት እርጥበት ነው። ጣሪያው ዝናብ እንዳያስገባ ተጠግኖ ጎኖቹ ቀንም ሌሊትም በከፊል ክፍት መሆን አለባቸው። ውሃ የሚሰጠው አፈሩ ተፈትሾ እንጂ በልማድ አይደለም።

8. መለኪያ

የቀኑን ከፍተኛና የሌሊቱን ዝቅተኛ ሙቀት የሚይዝ ቴርሞሜትር ጠቃሚ ነው። መለኪያው በተክሉ ቁመት ልክ፣ ፀሐይ በቀጥታ በማይነካው ቦታ መሰቀል አለበት። ፀሐይ ያረፈበት ቴርሞሜትር የሚያሳየው የራሱን መሞቅ እንጂ የአየሩን ሙቀት አይደለም።

የእርጥበት መለኪያ ከሌለ ሁለት ተመሳሳይ ቴርሞሜትሮች ይበቃሉ። የአንዱ ጫፍ ንጹሕ ውሃ በነካ ጥጥ ጨርቅ ይጠቀለልና ሁለቱም ለጥቂት ደቂቃ በማራገቢያ ይራገባሉ። በ2,000 ሜትር ከፍታ፣ ደረቁ 25 ዲግሪ ሆኖ እርጥቡ 23 ቢያሳይ አንጻራዊ እርጥበቱ 85 በመቶ ገደማ ነው፤ እርጥቡ 20 ቢያሳይ 65 በመቶ ገደማ ነው። ደረቁ 30፣ እርጥቡ 20 ከሆነ ደግሞ ወደ 43 በመቶ ይሆናል።

ከገበያ የተገዛ የእርጥበት መለኪያ ትክክለኛነቱን ለማወቅ፣ አንድ ማንኪያ ጨው በጥቂት ጠብታ ውሃ ረጥቦ በትንሽ ክዳን ላይ ይቀመጥና ከመለኪያው ጋር በፕላስቲክ ከረጢት ታሽጎ ያድራል። ጨውና መለኪያው መነካካት የለባቸውም። ጠዋት መለኪያው 75 በመቶ አካባቢ ማሳየት አለበት። ከዚያ የራቀ ከሆነ ልዩነቱ ተመዝግቦ በየንባቡ ይስተካከላል።

9. የሚታዩ ምልክቶችና ሊወሰዱ የሚገባቸው እርምጃዎች

ችግኝ ከአፈሩ ወለል ላይ ቀጥኖ ጠቁሮ ሲወድቅ፦ ባለሙያዎች ዳምፒንግ ኦፍ የሚሉት የፈንገስ በሽታ ነው። ውሃ ይቀነሳል፣ የታመመው ከነአፈሩ ይወገዳል፣ ቀሪው ይሳሳል፣ አየር እንዲያገኝ ይደረጋል።

በቅጠል ላይ ውሃ የቋጠረ የሚመስል ጠቆር ያለ ቁስል በፍጥነት ሲሰፋ፦ በቲማቲም ላይ ይህ ሌት ብላይት ሊሆን ይችላል። ቀዝቃዛና እርጥብ አየር ያባብሰዋል። በአስቸኳይ ለባለሙያ ማሳየት ያስፈልጋል።

በአበባና በፍሬ ላይ ግራጫ ሻጋታ፦ ከረጅም የቅጠል እርጥበት ይመጣል። የጠዋቱ ማናፈስ መዘግየቱን ያመለክታል።

በቅጠል ሥር ጥቃቅን ነጠብጣብና ስስ ድር፦ ሙቅና ደረቅ አየር የሚወደው ቀይ ሸረሪት ነው። ቤቱ በቀትር ከመጠን በላይ መድረቁን ያሳያል።

አበባ ያለ ሌላ ምልክት መርገፍ፦ በቅድሚያ የቀኑ ከፍተኛና የሌሊቱ ዝቅተኛ ሙቀት መዝገብ ይታይ።

በሽታን ለመከላከል ኬሚካል መርጨት የሚቀድመው እርምጃ አይደለም። ቅጠሉ በየሌሊቱ እርጥብ ሆኖ ካደረ የተረጨው መድኃኒት ውጤቱ አጭር ይሆናል።

10. በመኖሪያ ክፍል ውስጥ የማሳደጊያ ድንኳን ለሚጠቀሙ

በከተማ የሚኖሩና መሬት የሌላቸው ነዋሪዎች ችግኝን ወይም ሰላጣን የመሳሰሉ ቅጠላ ቅጠሎችን በክፍል ውስጥ፣ ብርሃን በሚያንጸባርቅ ሸራ በተሠራ ድንኳንና በኤሌክትሪክ መብራት ማሳደግ ይችላሉ። መርሁ አንድ ሲሆን ልዩነቱ ፀሐይን የሚተካው መብራት መሆኑ ነው።

• መብራቱ የሚወስደው ኃይል ከሞላ ጎደል በሙሉ ወደ ሙቀት ይለወጣል። 100 ዋት መብራት እንደ 100 ዋት ማሞቂያ ይቆጠራል። የመብራቱ ማከፋፈያ ሳጥን ከድንኳኑ ውጭ ቢቀመጥ ሙቀቱ ይቀንሳል።
• አየር ማስወጫው ማራገቢያ ከላይ፣ ማስገቢያው ከታች ይሆናል። የሚወጣው አየር ከክፍሉ ውጭ መድረስ አለበት፤ ካልሆነ ያው እርጥብ አየር ተመልሶ ይገባል።
• በቀን 2 ሊትር ውሃ የሚጠጣ ተክል ወደ 2 ሊትር የሚጠጋ ተን ወደ ክፍሉ ይለቃል። መውጫ ካላገኘ በግድግዳው ላይ ሻጋታ ያመጣል።
• መብራት ሲጠፋ ሙቀቱ ወርዶ እርጥበቱ በድንገት ይጨምራል። ስለዚህ ማራገቢያው ከመብራቱ ጋር አብሮ መጥፋት የለበትም። ኤሌክትሪክ በሚቋረጥበት ጊዜ የድንኳኑ በር ይከፈታል።

በዚሁ ቤት ወይም ድንኳን እንጉዳይ ከችግኝ ጋር አብሮ ማልማት አይመከርም። ኦይስተር የተባለው እንጉዳይ ፍሬ በሚይዝበት ጊዜ ከ80 እስከ 90 በመቶ እርጥበት ይፈልጋል። ይህ መጠን ለበርበሬና ለቲማቲም ችግኝ የበሽታ ምክንያት ነው።

11. የደህንነት ማሳሰቢያ

• ሌሊት ለማሞቅ በተዘጋ የፕላስቲክ ቤት ወይም ክፍል ውስጥ ከሰል ማቀጣጠል ፈጽሞ የተከለከለ መሆን አለበት። ከከሰል የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፤ ሰው ሳይነቃ ሊገድል ይችላል።
• በቀትር በሞቀ ቤት ውስጥ ለረጅም ጊዜ መሥራት ራስን ሊያስት ይችላል። ሥራው በጠዋትና በማታ ይከናወን፤ ሕፃናት ብቻቸውን አይግቡ።
• ፀረ ተባይ በተዘጋ ቤት ውስጥ ከሜዳ ይልቅ አደገኛ ነው። በፀረ ተባይ ምዝገባና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 674/2002 መሠረት የተመዘገበ መድኃኒት ብቻ ይገዛ፤ በመለያው ላይ የተጻፈው መጠን፣ የመከላከያ ልብስና ወደ ቤቱ ለመመለስ የሚፈቀደው ጊዜ ይከበር።
• በእርጥብ ቦታ የሚዘረጋ የኤሌክትሪክ መስመር በባለሙያ ይሠራ፤ ማከፋፈያ ሶኬት ከወለል ከፍ ብሎ ይሰቀል።

12. ተጨማሪ አገልግሎት ለማግኘት

የመጀመሪያው የአገልግሎት ቦታ የቀበሌው የግብርና ልማት ጣቢያ ሠራተኛና የአርሶ አደር ማሠልጠኛ ማዕከል ነው። ችግሩ በዚያ ካልተፈታ የወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት የዕፅዋት ጥበቃ ወይም የአትክልትና ፍራፍሬ ባለሙያ ይመድባል። በ2006 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የ8028 የአርሶ አደሮች የስልክ መስመር በአማርኛም የሰብል ምክር ይሰጣል። በአካባቢው ተስማሚ ስለሆኑ ዝርያዎች በአማራ ክልል ግብርና ምርምር ኢንስቲትዩት ሥር በሚገኘው የአዴት ግብርና ምርምር ማዕከል የተገኙ ውጤቶችን ከወረዳው ባለሙያ መጠየቅ ይቻላል።

ባለሙያ ዘንድ ሲቀርቡ የሚከተሉትን መያዝ ምክሩን ፈጣንና ትክክለኛ ያደርገዋል፦

• ቢያንስ የ7 ቀን የሙቀትና የእርጥበት መዝገብ፣ በየቀኑ በንጋት፣ በቀትርና በምሽት የተነበበ፤
• ውሃ የተጠጣበትና ማናፈሻው የተከፈተበት ሰዓት፤
• የተዘራበት ቀንና የዘሩ ዓይነት፤
• እስካሁን የተረጨ መድኃኒት ካለ ስሙና ቀኑ፤
• ከነሥሩ የተነቀለ የታመመና ጤናማ ችግኝ፣ ለየብቻ በወረቀት የተጠቀለለ። በፕላስቲክ ከረጢት የተያዘ ናሙና በመንገድ ላይ ስለሚበሰብስ በሽታውን ለመለየት አያገለግልም።

ናሙናው በተነቀለበት ቀን ቢቀርብ ይመረጣል። መውደቅ የጀመረ ችግኝ በታየበት ዕለት ለባለሙያ ማሳወቅ ቀሪውን መደብ ለማዳን የሚያስችል ጊዜ ይሰጣል።